እንደ ከርት ፍለድ

ሐሙስ ሐሙስ ለሕክምና ቀጠሯቸው ሲመጡ መኪናቸውን እኛ ፓርኪንግ የሚያቆሙ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቁልፍ እንኳን ሲሰጡ በሁለት እጃቸው የሚሰጡ ሰው ናቸው። የሚፈልጉት ግን እኔን ሳይሆን የሥራ ባልደረባዬን ጋሼን ነበር። ጋሼ በትኬት መቁረጫዋ ክፍል ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ በጋው እስኪያልፍ የቤዝቦል ጨዋታ ከእሷ አይጠፋም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሞተሩ ሳይጠፋ ስለ ትናንቱ ጨዋታ ያወጋሉ፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ጥሩምባ ሲነፋ ነው የሚለያዩት።

አንድ ሐሙስ መጡና ክፍሏ ውስጥ እኔን አገኙ።

«ወዳጄ የት ሄደ?»

ወደ ቨርጂኒያ እንዳዛወሯቸው ነገርኳቸው።

«ራሱ ጠይቆ ነው?»

አይደለም፣ ማንም ሳያማክራቸው ነው አልኳቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው የመኪናቸውን መሪ አዩ። ከዚያ «እንደ ከርት ፍለድ» አሉና ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ከርት ፍለድ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስሙ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልለቀቀኝም። እውነቱን ለመናገር ያልለቀቀኝ ስሙ ራሱ አይደለም። ሽማግሌው ቀጥለው «እናንተስ ምን አደረጋችሁለት?» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላሉኝም። ያልተጠየቅሁት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋም እንደማይረሳ እኔ ምስክር ነኝ።

ሣሩ ላይ ብቻውን የሚቆም ሰው

ቤዝቦልን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ ያስተማሩኝም በገና ጨዋታ ነው። «ሩሯን በዱላ መምታት ያው ነው። እዚህ ግን የተመታችውን ኳስ መሬት ሳትነካ የሚቀልብ ሰው አለ» ይሉኝ ነበር። ከሜዳው በስተኋላ ባለው ሰፊ ሣር ላይ በግራ፣ በቀኝና በመሀል ሦስት ሰዎች ይቆማሉ። የመሀሉ ሴንተር ፊልደር ይባላል፤ ከሦስቱ ሰፊው መሬት የእሱ ነው። ከመቺው ወደ መቶ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ይቆማል። ረጅም ጊዜ ምንም አይደርሰውም። ድንገት ዱላው ይጮሃል፤ ኳሷ ትነሳለች፤ የት እንደምትወድቅ በዓይንና በጆሮ ገምቶ፣ አንዳንዴም ጀርባውን ሰጥቶ መሮጥ አለበት። ከቀለባት ተመልካቹ ይነሳል። ካመለጠችው ሁሉም የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

ከርት ፍለድ እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ነበር። በሌሊት ተራዬ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ሲቀንስ፣ ስለ እሱ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሂውስተን ተወልዶ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ አደገ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ18 ዓመቱ ለሲንሲናቲ ክለብ ፈረመ፤ ክለቡም በ1956 ሰሜን ካሮላይና ወደሚገኝ የታችኛው ሊግ ቡድን ላከው። እዚያ በአንድ የውድድር ዘመን ኳሷን 29 ጊዜ ከአጥር ውጭ ሰደዳት። ነጮቹ ጓደኞቹ ምግብ ቤት ገብተው ሲበሉ ግን እሱ በጓሮ በር እየተሰጠው ወይም አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ይበላ ነበር።

ከተረካቸው ነገሮች ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ የማሊያው ታሪክ ነው። በዚያው በደቡብ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበራቸው። በመካከሉ ሁሉም ላብ ያራሰውን ማሊያ አውልቆ ክምሩ ላይ ጣለ፤ ፍለድም ጣለ። የልብስ ኃላፊው የፍለድን ማሊያ በረጅም እንጨት ከክምሩ ለይቶ አወጣ፤ በእጁ አልነካውም። ከዚያም የጥቁሮች ልብስ ወደሚታጠብበት ላከው። ጓደኞቹ ለብሰው ወደ ሜዳ ሲወጡ ልጁ ራቁቱን ተቀምጦ ልብሱን ጠበቀ። እኛ አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው ለማለት ነው። ፍለድ የተጫወተው ጌታው ሜዳ ውስጥም ጌታ በሆነበት ጨዋታ ነው።

በ1957 መጨረሻ፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሲንሲናቲ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አሳልፎ ሰጠው። በዚያ ወቅት ለክረምቱ ጨዋታ ቬንዙዌላ ነበር። ሁለተኛ እንዲህ እንዲያደርጉኝ አልፈቅድም ብሎ ለራሱ የማለው ያኔ ነው።

ሴንት ሉዊስ ውስጥ 12 ዓመት ኖረ። ከ1963 እስከ 1969 በተከታታይ ሰባት ጊዜ የምርጥ ቀላቢዎችን የወርቅ ጓንት ሽልማት ወሰደ። በ1966 ዓመቱን ሙሉ አንድም ስህተት አልተመዘገበበትም። ካርዲናልስ በ1964 እና በ1967 የዓለም ዋንጫ ብለው የሚጠሩትን የመጨረሻ ውድድር ሲያሸንፍ የመሀሉን ሣር የጠበቀው እሱ ነው። በዱላም ቢሆን የዋዛ አልነበረም፤ በ1967 የመምቻ አማካዩ .335 ነበር፤ ለመምታት ከቀረበባቸው ሦስት ጊዜያት አንዱን ያህል ተሳክቶለታል ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ሬዲዮ ላይ ቢሰሙት ጋሼ ያፏጩ ነበር።

በጥቅምት 1968፣ በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ፣ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው በተገኘበት ስታዲየም አንዲት ኳስ አመለጠችው። እስከ ሰባተኛው ዙር ድረስ ዜሮ ለዜሮ ነበሩ። የዲትሮይቱ ጂም ኖርዝራፕ የመታት ኳስ አጭር መስላው ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ከዚያ ስህተቱ ገባው፤ ሲዞር እግሩ ሸተት አለ፤ ኳሷ ከጀርባው ወደቀች። ዲትሮይት 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ወርዋሪው ቦብ ጊብሰን፣ የቅርብ ወዳጁ፣ አልወቀሰውም። የዚያ ዓመት የበጋ ወራት ግን አንድ ታዋቂ የስፖርት መጽሔት በሽፋኑ ላይ የቤዝቦል ምርጡ ሴንተር ፊልደር ብሎት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የቀለበው ተረስቶ ስሙ ሲነሳ ያቺ አንዷ እንድትነሳ መሆኗ እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

የማለዳ ስልክ

ጥቅምት 1969 አንድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። ከክለቡ ቢሮ ነው። ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ለፊላደልፊያ ተለውጠሃል፣ በቃ። የደወለው የክለቡ ባለቤት ወይም አሠልጣኙ እንኳን አልነበረም።

ነገሩ ሕጋዊ ነበር። በተጫዋቾች ውል ውስጥ ክለቡ ውሉን በየዓመቱ የማደስ መብት አለው የሚል አንቀጽ ነበረ፤ ክለቦቹ ይህንን «ለዘላለም» ብለው ነበር የሚተረጉሙት። ተጫዋቹ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወይ የክለቡ ነው፣ ወይ ክለቡ የሰጠው ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ ጨዋታውን ይተዋል። በ1922 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤዝቦልን ከፀረ ሞኖፖል ሕጉ ነፃ ስላደረገው ክለቦቹን የሚጠይቅ አልነበረም። ቤሩት ወይም ጅዳ የሠሩ እህቶቻችን ይህ ዓይነት ውል እንዴት እንደሚሰማ እኔ ከምነግራቸው በላይ ያውቁታል። ከአሠሪው ፈቃድ ውጭ ሌላ አሠሪ ጋር መሄድ እንደማይቻል የተማሩት በኑሯቸው ነው።

በእርግጥ ፍለድ የቤት ሠራተኛ አልነበረም። በዓመት 90,000 ዶላር ያገኝ ነበር፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ፊላደልፊያም ከዚያ የሚበልጥ ሊከፍለው ዝግጁ ነበር። ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን ይህንኑ ሲያነሳበት፣ ጥሩ ደመወዝ የሚከፈለው ባሪያም ያው ባሪያ ነው ሲል መለሰ። ይህንን መልስ መጀመሪያ ሳነበው የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ባሪያ የሚለውን ቃል እኛ አበሾች በቀላሉ አንናገረውም፤ በገዛ ታሪካችንም ውስጥ ያለ ቁስል ነው። በኋላ ግን ማሊያው ትዝ አለኝ። ማሊያው በእንጨት ሲነሳ ራቁቱን ተቀምጦ ያየ ሰው ቃሉን ከየት እንዳመጣው ማንም ሊነግረው አይገባም።

ገና ዋዜማ ላይ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1969፣ ለቤዝቦሉ ኮሚሽነር ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ። ከ12 ዓመት በኋላ ፈቃዴ ሳይጠየቅ እንደምገዛና እንደምሸጥ ንብረት ራሴን አላይም የሚል ነበር። ከደብዳቤው በፊት የተጫዋቾቹ ማኅበር ኃላፊ ማርቪን ሚለር ምንም አልደበቀውም፤ የመርታት ዕድልህ ጠባብ ነው፣ ከዚህ በኋላም መጫወትህ ያከትማል አለው። ፍለድ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌሎቹን ተጫዋቾች ይጠቅማል? ይጠቅማል አለው ሚለር። ይበቃኛል አለ።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ላይ የተጫዋቾቹ ተወካዮች ተሰበሰቡ። ፍለድ ቆሞ አስረዳ። ጠየቁት፤ መለሰ። ድምፅ ሲሰጡ 25 ለ 0 ደገፉት። አንድም የተቃወመ፣ አንድም ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ አልነበረም።

ይህቺን ቁጥር ሳነብ ስልኬን አጠፋሁ። እኛም ያን ቀን ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ነበር።

ማክሰኞ

ጋሼ እዚያ ፓርኪንግ 11 ዓመት ሠርተዋል። ከቤታቸው በእግር ሩብ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ድርጅቱ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ቨርጂኒያ እንዲገቡ የሚል ወረቀት ሰጣቸው፤ ባቡርና ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ ቦታ። በሰዓት የሃምሳ ሳንቲም ጭማሪ አለው። ተቆጣጣሪያችን እንዲያውም እንኳን ደስ አለዎት ብሏቸው ነበር።

ጋሼ የተቆጡት ስለ መንገዱ አልነበረም። «ልጄ፣ ብር ጨምሩልኝ አላልኩም። ቢጠይቁኝ እሺ ልላቸው እችል ነበር። ወንበር እንኳን ሲነሳ የተቀመጠበትን ሰው ተነሣ ይሉታል» አሉኝ። ቀጠሮ ጠየቁ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዋናው ቢሮ እንዲመጡ ተነገራቸው።

እሁድ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ ባልደረባችን ቤት ሰባት ሆነን ተሰበሰብን፤ ጋሼና ስድስታችን። ቡና ተፈላ። አብረናቸው እንድንሄድ፣ ከአሁን በኋላ ማንም ሰው ሳይማከር እንዳይዛወር እንድንጠይቅ ተስማማን። ሁሉም ተራ በተራ እመጣለሁ አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የተረተው ሰው እኔ ነኝ። ጋሼ ተረቱን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ስኒያቸውን ያስቀመጡበት ሁኔታ አሁንም ይታየኛል።

ሰኞ ማታ ስልክ መደወል ጀመረ። አንዱ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ገና አላለቀም። ሌላዋ ልጇን የሚይዝላት አጣች። ሦስተኛው የሆድ ቁርጠት ይዞታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ማንም ማንንም አልገሠጸም። እኔ ለማንም አልደወልኩም። ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ ወንበር ላይ ሰቀልኩ።

ጠዋት ሸሚዙን ለብሼ ወጣሁ። ወደ ቢሮው የሚወስደኝን ባቡር ለመያዝ መሀል ከተማ ወርጄ መስመር መቀየር ነበረብኝ። ወረድኩ። ባቡሩ መጣ። በሩ ተከፈተ። እኔና በሩ መካከል ሁለት እርምጃ ነበር። ደወሉ ተደወለ፤ በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ሄደ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ መጣ፤ እሱም ተከፍቶ ተዘጋ። ከዚያ ወደ ሌላኛው መስመር ተሻግሬ በነጭ ሸሚዜ ሥራ ገባሁ።

በዚያች ደቂቃ ምን አስቤ እንደነበር ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። ስለ ቤት ኪራይ አስቤ ነበር ብል ሰው ይረዳኛል፤ ግን አላሰብኩም። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬም አልፈራሁም። ያሰብኩት ትንሽ ነገር ነው፦ የቀሩት ሁለቱ መሄዳቸው አይቀርም፣ እኔ ብጎድል ማን ያስተውላል? በኋላ እንደሰማሁት ሁለቱም ያንኑ ነው ያሰቡት። አንደኛው እንዲያውም «አንተ ትሄዳለህ ብዬ እኮ ነው፤ የተረትከው አንተ ነህ» አለኝ። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳችን የቀሩትን አምስት አምነን ቤታችን ቀረን። ከዚያ በፊት ፈሪ ማለት የሚንቀጠቀጥ ሰው ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ጠዋት እጄ አልተንቀጠቀጠም። ትኬት ስቆርጥ ዋልኩ።

ጋሼ ብቻቸውን ገብተው፣ ብቻቸውን ተናግረው፣ ብቻቸውን ወጡ። በሚቀጥለው ሰኞ ቨርጂኒያ ገቡ።

ያልመጡት

የፍለድ ክስ በግንቦት 1970 ኒው ዮርክ ውስጥ መሰማት ጀመረ። ጠበቃው አርተር ጎልድበርግ ነበር፤ ቀድሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው። ምስክሮች መጡ። ጃኪ ሮቢንሰን መጣ፤ በ1947 ለጥቁሮች የተዘጋውን በር የከፈተው ሮቢንሰን። ገና 51 ዓመቱ ነው፤ ግን ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ የስኳር በሽታ ዓይኑን እየወሰደው ነው። ቀስ እያለ ገብቶ መሰከረለት። ከዓመታት በፊት ጨዋታ ያቆመው ሃንክ ግሪንበርግም መጣ። የቀድሞ የክለብ ባለቤት የነበረው ቢል ቪክ እንኳን መጣ።

በዚያን ጊዜ በትልቁ ሊግ 24 ክለቦች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ 25 ተጫዋች ቢታሰብ 600 ሰው ነው። ክሱ የ600ውም ነበር። ከእነሱ ሊመሰክርለት የመጣ አልነበረም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊያየው እንኳን የመጣ አልነበረም። ያ 25 ለ 0 የት ገባ? ብዬ ተናድጄ ነበር። ንዴቴ ብዙ አልቆየም። የት እንደገባ አውቃለሁ። መሀል ከተማ ባቡር ጣቢያ ቆሞ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን በር ሲያይ ነበር።

በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ፤ በይግባኝም ተረታ። በመካከሉ አንድ ዓመት ሙሉ አልተጫወተም፤ ገንዘቡ አለቀ። በ1971 የዋሽንግተኑ ክለብ ሴናተርስ 110,000 ዶላር ሊከፍለው ወሰደው። በ33 ዓመቱ እኔ ወደምኖርበት ከተማ መጣ ማለት ነው። 13 ጨዋታ ተጫወተ፤ 35 ጊዜ ለመምታት ቀርቦ ሰባት ጊዜ ብቻ ተሳካለት። ሚያዝያ ሳያልቅ ኒው ዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ ለክለቡ ባለቤት ቴሌግራም ላከ። ሞክሬ ነበር፣ አንድ ዓመት ተኩል ግን በጣም ብዙ ነው ይል ነበር። ከዚያ ወደ አውሮፓ በረረ፤ ኑሮውንም የስፔን ደሴት በሆነችው ማዮርካ አደረገ።

ኢስት ካፒቶል ጎዳና

ይህንን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእግሬ ለመሄድ ወሰንኩ። የዋሽንግተን ነዋሪ የሆነ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካለበት አካባቢ ተነስቶ በኢስት ካፒቶል ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፍለድ የመጨረሻ ጨዋታዎቹን የተጫወተበት አርኤፍኬ ስታዲየም ይደርሳል። የሜዳውና የችሎቱ መንገድ አንድ ነው።

ጉዞዬን ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ጀመርኩ። ሰኔ 19 ቀን 1972 እዚህ ሕንፃ ውስጥ አምስት ዳኞች በፍለድ ላይ፣ ሦስት ለፍለድ ወሰኑ። ሰኔ 19 ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት የወጡበትን ዕለት የሚያከብሩበት ቀን ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ እኛም ፓርኪንግ ውስጥ የበዓል ዋጋ እናስከፍላለን። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ሃሪ ብላክመን ጽሑፉን የጀመረው ቤዝቦልን እያወደሰ የድሮ ተጫዋቾችን ስም በረጅሙ በመዘርዘር ነው። ከዚያ በኋላ የቤዝቦል ልዩ መብት ከሌላው ሕግ ጋር የማይገጥም እንግዳ ነገር መሆኑን አምኖ፣ ማስተካከል ያለበት ግን ምክር ቤቱ ነው ብሎ ተወው። የተጫዋቾችን ስም በፍቅር እየጠሩ አንዱን ተጫዋች ባዶ እጁን መመለስ እንዴት እንደሚቻል ብዙ አሰብኩበት። ቢቻልማ ተችሏል።

መንገዱ መሀል ላይ ሊንከን ፓርክ አለ። እዚያ ሊንከን ቆሞ፣ ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው ከእግሩ ሥር በርከክ ብሎ የሚታይበት ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ በ1876 የተመረቀ ነው፤ ገንዘቡን ያዋጡት ከባርነት የወጡ ሰዎች ናቸው። የከፈሉት እነሱ ሆነው ሳለ የተበረከከውም የእነሱ ሰው ነው። ሕፃናት ዙሪያውን ኳስ ይጫወቱ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍኩና ሄድኩ።

ስታዲየሙ ጋ ስደርስ መፍረስ ጀምሮ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ የተሰነጠቀውን ግንብና የተጋለጠውን ብረት አየሁ። የመሀሉ ሣር የት እንደነበረ ለመገመት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ፍለድ ከሄደ በኋላ የሆነውን እዚያ ቆሜ በልቤ ቆጠርኩት። በ1973 አሥር ዓመት የተጫወተ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ አይለወጥም የሚል ደንብ ወጣ፤ የከርት ፍለድ ደንብ ይሉታል። በታኅሣሥ 1975 አንድ የግልግል ዳኛ ያንን የዘላለም አንቀጽ ሻረው፤ ተጫዋቾችም ውላቸው ሲያልቅ የፈለጉት ጋ መሄድ ጀመሩ። በዚያ ጊዜ ፍለድ ጨዋታ ካቆመ አራት ዓመት አልፎታል፤ በመጠጥ ተጎድቷል። በ1994 ተጫዋቾች ሥራ አቁመው በተሰበሰቡበት መሀል ቀርቦ ሲናገር ቆመው አጨበጨቡለት። ሃያ አራት ዓመት ዘግይተው መጡ ማለት ነው፤ መምጣታቸው ግን አይካድም። ጥር 20 ቀን 1997 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጉሮሮ ካንሰር ሞተ፤ 59 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀኑ ነበር። በ1998 ምክር ቤቱ በስሙ ሕግ አወጣለት።

የአሥር ዓመቱ ደንብ ላይ ስደርስ የጋሼ 11 ዓመት ትዝ አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ለበዓል ካልሆነ በቀር ደውዬላቸው አላውቅም ነበር፤ ስደውልም ስለ ማክሰኞ አንስተን አናውቅም።

አሌክሳንድሪያ

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በሚቀጥለው እሁድ ቡና ይዤ ሄድኩ። ሬዲዮዋ መስኮቱ ላይ ናት፤ ድምፅዋን ቀነሱልኝ። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። አቦሉ እስኪጠጣ መናገር አቃተኝ።

በቶናው ላይ ስለ ፍለድ ጀመርኩላቸው። የሐሙሱ ሽማግሌ ያሉኝን፣ ማሊያውን፣ ደብዳቤውን፣ ሮቢንሰን እየተደገፈም ቢሆን መምጣቱን፣ 600ዎቹ አለመምጣታቸውን ነገርኳቸው። ጋሼ ታሪኩን ጨርሶ ያላወቁት አይመስሉም ነበር፤ ግን አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣

«ጋሼ፣ እኔም ያን ማክሰኞ ጣቢያው ድረስ መጥቼ ነበር። ባቡሩ ቆሞልኝ አልገባሁም» አልኳቸው።

ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። ልጃቸው ጓዳ ውስጥ ውሃ ከፍታ ነበር፤ ውሃው እስኪዘጋ ድረስ አልተናገሩም።

«በሩ ከኋላዬ ነበር» አሉ። «አለቃው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያወራል፤ እኔ የሚለውን አልሰማሁም። የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ዘወር እላለሁ። ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አንዴ ጽዳት የምትሠራው ልጅ ነበረች።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፤ ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

«ያ ልጅ» አሉ፤ ፍለድን ነው፤ «ችሎቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ዞሮ እንዳየ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም ጋሼ» አልኳቸው።

«ሽማግሌው ሮቢንሰን ሲገባስ አይቶታል?»

«አይቶታል።»

«እንግዲያው አንዴ ዞሯል» አሉና ሬዲዮዋን ወደ እኔ አስጠግተው ድምፅዋን ከፍ አደረጉት።